የጋሽ ቀስ ጭረት

የጎማ መፈልቀቂያዋ ሌቫ በጎማውና በቸርኬው መሃል ገብታ አንድ ለስላሳ ነገር ነከሰች።

ድምፅ አልነበረውም። ልጅቷ የሰማችው በመዳፏ ነው። ብረት ከብረት ሲገናኝ የሚሰጠው ስሜት አንድ ነው፤ ብረት ከውጭው ጎማ ጋር ሲገናኝ ሌላ ነው። ይሄኛው ግን ሦስተኛ ዓይነት ነበር፣ ሲበሉ ተቻኩሎ የራስን ምላስ እንደ መንከስ ያለ። የውስጡ ጎማ ተቆንጥጧል።

«አሥራ ሰባት ደቂቃ ከአርባ» አለች ጓደኛዋ፣ የምትቀርጽበትን ስልክ ወደ ልጅቷ ፊት እያስጠጋች። «ፈገግ በይ እንጂ። ለቅሶ ላይ ያለሽ አስመሰልሽው።»

ፈገግ አለች።

መደረግ ያለበትን ታውቀዋለች። ሌቫዋን ማውጣት፣ ጎማውን መልሶ መፈልቀቅ፣ የውስጡን ስቦ ውኃ ውስጥ መንከር፣ የተነከሰችውን ቦታ ፈልጎ መለጠፍ፣ ከዚያ ከሀ መጀመር። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ችግሩ ጓደኛዋ ሥራው ገና ሳይጀመር የክፍላቸው ግሩፕ ላይ «ከሃያ ደቂቃ በታች፤ አይሆንም የሚል ይምጣ» ብላ መለጠፏ ነው። ስለዚህ ሌቫዋን ገፋ አደረገቻት። የጎማው ከንፈር ጧ ብሎ ቸርኬው ውስጥ ገባ።

ትምህርት ቤት ጎሚ ይሏታል፤ የጎሚስታ ልጅ ስለሆነች ነው። ስሙን ያወጣላት ልጅ ሊያበሽቃት አስቦ ነበር። እሷ ግን ደብተሯ ላይ ሳይቀር ጻፈችውና የበሸቀው እሱ ሆነ። ጓደኛዋ ደግሞ ኔትወርክ ናት። ወሬ ከየትም ስለምትስብ ነው የሚሉ አሉ፤ የምር ሲፈልጓት ስለምትጠፋ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

የጎሚ አባት መሥሪያ ቤት ሦስት የቆርቆሮ ግድግዳ አለው፤ አራተኛው መንገዱ ነው። ፊት ለፊት የተሰቀለው ሰሌዳ «የሞተር ሳይክል ጎማ እንጠግባለን» ይላል። ጸሐፊው «ና»ን «ባ» አድርጓት ነው። አባቷ አላስተካክልም ብሏል፤ ለመሳቅ የቆመ ሰው መቼም የራሱን ጎማ ሳያይ አይሄድም ባይ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ መንገዱ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወጣ ሲሉ እሾህ ስለሆነ፣ ደንበኞቻቸው ባለ ጥርስ ጎማ፣ ከፍ ከፍ ያሉ የገጠር ሞተሮች ናቸው። የቀያሾቹ አለ፣ የክትባት ሠራተኞቹ አለ፣ የከብት ሐኪሙ አለ።

የሚሠሩት ሁለት ናቸው፤ አባቷና ጋሽ ቀስ። ጋሽ ቀስ ራሱን አባቷን ሙያውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ለሁሉም ነገር መልሳቸው «ቀስ» ነው። ብሎን ሲፈታ ቀስ፣ ሻይ ሲጠጣ ቀስ፣ ደንበኛ ሲሳደብም ቀስ። «ኃይል ካስፈለገሽ ተሳስተሻል ማለት ነው» ይሏታል። «ወዲያ ማዶ ያለውን ከንፈር በጉልበትሽ ተጭነሽ ወደ ቸርኬው ሆድ ስደጂው። ያኔ የወዲህኛው በአውራ ጣት ይገባልሻል።» ጉድለት አላቸው ከተባለ «ቫ» ከምትባለዋ ፊደል ጋር አለመስማማታቸው ነው። ቴሌቪዥን ቴሌቢዥን ነው፤ ቫልቭ ባልብ ነው፤ ጎማ የሚፈለቀቅባት ሌቫ ደግሞ ሌባ ናት። «አንቺ ልጅ፣ ሌባዋን አምጫት» ሲሉ አዲስ ደንበኛ ሁሉ ኪሱን ይዳስሳል።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው። የውስጥ ጎማ የለጠፈ ሰው፣ ልጥፉ አጠገብ በነጭ ቀለም ምልክቱን ያኖራል። የአባቷ ክብ ናት፤ የጋሽ ቀስ አንዲት አጭር ጭረት። ጎማው ተመልሶ ቢመጣ «ማን ነው የሠራው» ተብሎ አይጠየቅም። ምልክቱ ይናገራል። ጎሚ ምልክት የላትም፤ አሥረኛ ክፍልን ስትጨርሺ ተብላለች። እስከዚያው የምትለጥፈው ጋሽ ቀስ አጠገቧ ቆመው ነው። አይተው፣ ዳስሰው፣ በውኃ ፈትነው፣ ጭረቷን በገዛ እጃቸው ያኖራሉ።

ያን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግን አባቷ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ጋሽ ቀስም እንደ ልማዳቸው ከአሮጌ ጎማዎቹ ክምር ጀርባ፣ ወንበራቸው ላይ፣ ሸለብ አድርጓቸዋል። የከብት ሐኪሙ የኋላ ጎማው ተንፍሶ መጣ።

«ጋሼ የሉም?»

«አሉ። እንሠራልሃለን፣ ዶክተር።»

«እንሠራልሃለን» ስትል ማንን ጨምራ እንደሆነ አልተናገረችም። እሱም አልጠየቀ፤ ስልክ እየጮኸበት ማዶ ወዳለው ሻይ ቤት ተሻገረ። ኔትወርክ ስልኳን አወጣች።

መቼም እጇ ጎበዝ ነው። የጎማውን ሆድ በጣቷ ዳብሳ እሾሁን አገኘች፣ ነቀለች። ቀዳዳውን ፋቀች፣ ማስቲሽ ቀባች፣ ጠብቃ ለጠፈች። ከዚያ ብሩሿን ነጩ ቀለም ውስጥ ነክራ ለአፍታ ቆም አለች። ምልክት የሌለው ጎማ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። አንዲት አጭር ጭረት አደረገች።

ከዚያ ነው ሌቫዋ የነከሰችው።

በእግር ፓምፕ ነፋችው፤ በቪዲዮ ያምራል ያለችው ኔትወርክ ናት። ቫልቩ ላይ ምራቅ ጠብ አደረገች፤ አረፋ የለም። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፤ ፉጨት የለም። «ሃያ ሊሞላ አሥራ አምስት ሰከንድ» አለች ኔትወርክ፣ የራሷ እጅ የሠራው ይመስል እየተኩራራች። ጎሚ እግሩን ሞተሩ ላይ ገጠመችው፣ ሰንሰለቱን አጠበቀች፣ ብሎኑን አሰረች። ጋሽ ቀስ አልነቁም።

ሐኪሙ ተመልሶ የኋላውን ጎማ በጫማው ነካ ነካ አደረገ። «ጋሼስ?»

«ትንሽ ሊያርፉ ብለው ነው።»

«እጅዎ ይባረክ ብሎዎታል በይልኝ።»

«እሺ» አለች። ሄደ።

እሑድን ያሳለፈችው ቪዲዮው ስር የሚደረደረውን እየቆጠረች ነው። ልብ፣ እሳት፣ ጡንቻ። አንዱ «እኔ በሃያ ደቂቃ ጫማዬንም አላስርም» ብሎ ጽፏል። አራት ጊዜ አየችው፤ አራቱንም ጊዜ አሥራ ሰባት ከአርባ ላይ ስትደርስ አሳለፈችው። ይዟል፣ አለች ለራሷ። ቢያፈስ ኖሮ እዚያው ያፈስ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሐኪሙን ሞተር ከሩቅ አየችው። የኋላ እግሩ ወልቆ ግንድ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

ሐኪሙ የተደፋ በርሜል ላይ ተቀምጧል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። አባቷ የውስጡን ጎማ ነፍቶ ውኃ በሞላው ገንዳ ውስጥ እየነከረ ያዞረዋል። ጋሽ ቀስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አጎንብሰው ያያሉ። አረፋው ወጣ። ሁለት ሆኖ፣ ጎን ለጎን ወጣ።

«ልጥፉ ደህና ነው» አለ አባቷ። «ልጥፉን በሬም አይነቅለው። ይሄ ሌላ ነው።» ከውኃው አውጥቶ በሁለት ጣቱ ለጠጠው። ቀጫጭን ቀዳዳዎች ናቸው፣ እባብ ነክሶት የሄደ የሚመስል። «ያለው ወደ ቸርኬው በሚዞረው በኩል ነው። እሾህ እዚህ ድረስ አይመጣም። ይሄ የኛ ነው፣ ዶክተር። ሲገጠም በሌቫ ተቆንጥጧል። እዚህ ሆኖ ይዞ ነበር፤ ድንጋይ ሲያንገጫግጨው ለቀቀ።»

«ልጣላ አይደለም የመጣሁት» አለ ሐኪሙ።

«አውቃለሁ። ብትጣላ ይሻለኝ ነበር።»

ሐኪሙ ጉልበቱን አራገፈ፤ አቧራው ግን ተመልሶ እዚያው አረፈ። «ትናንት ጠዋት ከወንዙ ማዶ ተደወለልኝ። ላም ምጥ ይዟት አልወልድ ብላ። ግማሽ መንገድ ላይ ኋላዬ ይዋዥቅ ጀመር፤ ወርጄ ሳይ ጎማው መሬት ተኝቷል። ዳገቱን ገፋሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የገፋሁት። ላሚቱ ተርፋለች። ለጥጃው አልደረስኩም። ሰውዬው አንድ ክፉ ቃል እንኳ አልወጣውም፤ ውኃ አምጥቶ አስታጠበኝ። እሱ ነው የከበደኝ።»

ጎሚ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። ማሰሪያው እየቆረጣት ነው፤ ይቁረጠኝ አለች።

አባቷ ጎማውን በእጁ ላይ አዞረው። ነጯ ጭረት ወደ ብርሃኑ ወጣች። አያት፤ ከዚያ አውራ ጣቱን አምጥቶ ሸፈናት፤ ሊደብቃት የፈለገ ይመስላል። ጋሽ ቀስ ግን እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

«አምጣው እስቲ።»

መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ጎማውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ብዙ ቆዩ።

«ጭረቷ የኔ ናት» አሉ።

ጋሽ ቀስ ቆባቸውን አወለቁ። ቆብ ከራሳቸው ሲወርድ ጎሚ አይታ አታውቅም፤ ከሥሩ ያለው ፀጉር ነጭ፣ ስስ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር ያለ ነበር። ልጃቸው ሊሆን በሚችለው ሰው ፊት ቆመው፣ «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ» አሉ። «እጄ ነው እንግዲህ። ወይም ዓይኔ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ኧረ በሞቴ ይተዉ» አለ ሐኪሙ ከበርሜሉ ላይ ዘሎ እየተነሳ። አባቷ ዞሮ ፒንሳ መፈለግ ጀመረ። ፒንሳው እጁ ላይ ነበር።

አሁን ተናገሪ፣ ብላ ራሷን አዘዘች ጎሚ። አንደበቷ ግን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ሆነባት። ጋሼ አይደሉም ብትል «ታዲያ ማነው?» ይመጣል። እሱን ብትመልስ «ታዲያ ጭረቱስ?» ይመጣል። መንከሷን አውቃ ነበር ወይ ቢሏትስ? ጎማውን መቆንጠጥ ማንም የሚሠራው ስህተት ነው፤ አባቷ ራሱ ሲጀምር ስንቱን እንደቆነጠጠ እየሳቀ ያወራል። ጭረቷ ግን ስህተት አይደለችም።

ሐኪሙ ለዚያ ሞተር የሚሆን አዲስ የውስጥ ጎማ እስኪመጣ ሞተሩን ትቶ ሄደ። አባቷ ገንዳውን ደፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ቢያርፉስ?» አለ። ድምፁ የተማሪ ድምፅ ነበር።

«ልክ ብለሃል» አሉ ጋሽ ቀስ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀስ» አላሉም።

ከዚያ ሄደው ዕቃቸውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። የብረት መፋቂያ፣ አሮጌ መቀስ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዟቸው ሌቫዎች፤ ጫፋቸው ተሞርዶ ተሞርዶ እንደ ማንኪያ የለሰለሰ። ጎሚ መርዳት እንዳለባት ሲገባት ቀርባ ቆመች።

«ሦስት ነበሩ» አሉ ጋሽ ቀስ ጨርቁ ላይ እየቆጠሩ። «አንደኛዋ ሌባ የት ገባች?»

ጎንበስ አለችና ቅዳሜ የሠራችባትን ከጠረጴዛው ሥር አነሳቻት። «እኔ ጋ ናት» አለች።

ተቀብለው አብረው ጠቀለሏት። ከዚያ አባቷ እንደማይሰማ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂብኝ።»

«አልስቅም፣ ጋሼ።»

«ቅዳሜ ያንን ጎማ ስሠራ አይተሽኛል?»

ጎሚ የጨርቁን ቋጠሮ አየች።

«አላስታውሰውም» አሉ። «መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ መነጽሬን ስፈልግ ትስቂ ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። እሱ ደግ ነው። ይሄ ግን ሙሉ ጎማ ነው። መፍታት አለው፣ መለጠፍ አለው፣ መግጠም አለው። ይህን ሁሉ ሠርቼ አንዷን እንኳ አላስታውሳትም። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ባስብ ይመጣልኝ ይሆናል እንጃ።»

«እኔ… እያጠናሁ ነበር» አለች። «አላየሁም።»

ጋሽ ቀስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሠርቼዋለሁ ማለት ነዋ።»

ማክሰኞ ጠዋት ለኔትወርክ ነገረቻት። ኔትወርክ በመገረም አፏን ይዛ ሰማችና ወዲያው የጠበቃ መልክ ያዘች።

«በናትሽ ረጋ በይ። አንደኛ፣ ጥጃ ነው፤ ሰው አይደለም። ሁለተኛ፣ ሽማግሌው ራሳቸው የኔ ነው ብለዋል። ሰው በገዛ አፉ ካመነ አንቺ ምን አገባሽ?»

«አላመኑም። ጭረቷን ነው ያመኑት።»

«ቪዲዮውን ላጥፋው?»

«እስካሁን ስንት ሰው አይቶታል?»

ኔትወርክ ስልኳን አየች። «ኧረ እሱስ… አጥፍቼውም ዋጋ የለውም። ቲቸር ሳይቀር ጠይቆኝ ልኬለታለሁ።»

የትኛው ቲቸር እንደሆነ የገባት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። የፊዚክስ መምህራቸው ፕሮጀክተሩን ይዞ ገባ። ፕሮጀክተሩ ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ሙሽራ በሁለት ተማሪ ታጅቦ ነው የሚመጣው።

«ዛሬ መፈንቅልን ከመጽሐፍ አንማርም» አለ መምህሩ። «ከጎሚ ነው የምንማረው።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ግድግዳው ላይ፣ የቤት ጣሪያ ያህል ሆና፣ ጎሚ ጎማ ትፈለቅቃለች። ተንበርክካ ሳለች እንኳ ፊቷ ትልቅ ነው። ልጆቹ በየመሃሉ ያፏጫሉ። መምህሩ ቪዲዮውን ወደፊት እያሳለፈ እያሳለፈ ሄደ፤ ጎሚ ከቁጥሮቹ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት ከሠላሳ ስምንት። አሥራ ሰባት ከአርባ ላይ አቆመው።

«እዚህ ጋ ልብ በሉ» አለ በዱላው ግድግዳውን እየነካ። «ጉልበቷ እዚህ ያርፋል፤ የቸርኬው ጠርዝ መደገፊያ ይሆናል፤ ጫፉ ጎማውን ያነሳል። ትንሽ እጅ፣ ትልቅ ሥራ። ምንም አልተቸገረችም፤ እንዲያውም ትስቃለች።»

ትስቃለች። እውነት ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለችው ልጅ ጥርሷ በሙሉ ይታያል። ጎሚ ያንን ፈገግታ ማየት ስላቃታት ዓይኗን ከፊቷ ላይ አንስታ ሌላ ቦታ ጣለችው፤ ወደ ኋላ፣ ወደ አሮጌ ጎማዎቹ ክምር። ከክምሩ ጎን ሁለት ጫማዎች ወጥተዋል። አንደኛው በሌላኛው ላይ ተደራርቧል። የግራው ሶል ተሰንጥቆ በልጥፍ ተይዟል፤ በጎማ ልጥፍ።

በስልኳ አራት ጊዜ አይታው አላየቻቸውም ነበር። በስልክ ፊቷ ብቻ ነበር የሚታያት።

«ቲቸር፣ ከኋላ የተጋደመው ምንድነው?» አለ ከመጨረሻው ወንበር አንዱ።

«ሬሳ ነው» አለ ሌላው። «ጎሚን አናግሮ የተረፈ የለም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሊስቅ ሲል ራሱን ያዘና፣ «በሉ በሉ። ጎሚ፣ ተነሺና አስረጂን። እዚህች ጋ፣ እጅሽ ላይ ምን ተሰማሽ?» አለ።

ተነሳች። አርባ ሁለት ሰው ዞሮ ያያታል። ሁሉም ይወዷታል፤ ሁሉም ያኔውኑ ያፈቀሯት ይመስላሉ። ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ያህል ሰው በአንዴ በደግ ዓይን አይቷት አያውቅም።

«ምንም አልተሰማኝም፣ ቲቸር» አለች።

«አያችሁ?» አለ መምህሩ። «መፈንቅል ማለት ይሄ ነው።»

ተቀመጠች። ጆሮዋ እስኪነድ ድረስ ደም ወደ ፊቷ ወጣ። አጠገቧ ያለችው ልጅ «አታፍሪ ባክሽ፣ አሪፍ ነሽ እኮ» አለቻትና ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ጎሚ ትከሻዋን ሰበሰበች።

ከሰዓት ወደ መሥሪያ ቤቱ ስትደርስ ኮምፕሬሰሩ ያጓራል። የሚነፋው አየር ነው እንጂ ድምፁስ ወፍጮ ነው፤ ቆርቆሮው ሁሉ አብሮት ይንቀጠቀጣል። አባቷ አዲሱን የውስጥ ጎማ ገጥሞ ጨርሷል፤ ሐኪሙ የሞተሩን እጀታ ይዞለታል። ጋሽ ቀስ መግቢያው አካባቢ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በቱታ ፈንታ ሙሉ ኮት ለብሰው ተቀምጠዋል። ጥቅሉ ጭናቸው ላይ ነው። ሊሰናበቱ የመጣ ሰው አቀማመጥ ነው የተቀመጡት፤ ግማሹ ወንበሩ ላይ፣ ግማሹ መንገድ ላይ።

ጎሚ አባቷ አጠገብ ሄዳ ቆመች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ረጅም ነገር ነበር፤ መጀመሪያ ስለ ኔትወርክ፣ ቀጥሎ ስለ ሰዓቱ፣ ከዚያ እንዴት እንዳልታሰበበት። አፏን ስትከፍት አንዷ ብቻ ነበረች የቀረችው።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

አባቷ ከጎማው ላይ ቀና ሳይል ጆሮውን ወደ እሷ ዘነበለ። ጮኾ፣ «በልቻለሁ፣ አንቺ ብዪ» አላት።

ቆመች። ብላዋለች እኮ። ቃሉ ከአፏ ወጥቷል፤ ያልሰማው እሱ ነው፣ የሚጮኸው ማሽኑ ነው። ሰው እንዲህ ካለ በኋላ «ተናግሬ ነበር» ቢል ውሸት አይባልም። ደረቷ ላይ የነበረው ነገር ለአፍታ ቀለል ሲላት ተሰማት። የቀለላትም በዚያ መሆኑ ደግሞ ከቅዳሜም፣ ከሰኞም፣ ከፊዚክሱም የባሰ አሳፈራት።

ጋሽ ቀስ ጥቅላቸውን ብብታቸው ውስጥ አስገብተው ተነሱ። ጫጫታው ስላለ የሚሰማቸው እንደሌለ ያውቃሉ፤ ለአባቷ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ደህና ሁን ዓይነት ነው። አባቷ የአየር ቧንቧውን እንደያዘ ቀና አለ፣ አያቸው። ሐኪሙ መሬት መሬት አየ።

ጎሚ በኮምፕሬሰሩ ጀርባ ዞረች። ማብሪያ ማጥፊያው ዘይት የጠገበ፣ ትኩስ ነበር። ተጫነችው።

ዝምታው ግድግዳ የወደቀ ያህል መጣ። ከአየር ቧንቧው የቀረው ንፋስ ብቻ ትንሽ ፉጨት አፉጭቶ ቆመ። ሦስቱም ሰዎች ወደ እሷ ዞሩ። አባቷ፣ «ምነው? ገና አልሞላም እኮ» አለ።

እሷ የምታየው ግን ጋሽ ቀስን ነው። ድምፅዋ ቀስ ብሎ፣ ካሰበችው በላይ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች። «ቅዳሜ ተኝተው ነበር።»